ፊቷን የደበቀችው ሴትዮ

ሰው ስለ ቤተሰቡ የማያውቀውን ጉድ ከአክስቱ ይሰማል፤ ሲብስ ደግሞ ከጎረቤት ይሰማል። እኔ የሰማሁት ሳሪስ ካለ አንድ ክሊኒክ ውስጥ፣ ጆሮዬ ላይ በሰካሁት ማዳመጫ፣ ከታብሌት ላይ ነው። ይኸው ስንት ዓመት አልፎታል። በጥቂት ቃል ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር፣ እናንተም ታገሱኝ።

ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቂሊንጦ ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጥሬ ተሰፍቶ ያለቀ ሸሚዝ እያገላበጥኩ ጉድለት እፈልግ ነበር። ክር የወጣበትን፣ ቁልፉ የተንጋደደውን ወደ ጎን መወርወር ነው ሥራዬ። እያደር ሰውንም እንደ ሸሚዝ ማገላበጥ ጀምሬ ነበር መሰለኝ፣ እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ መቀስ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እናቴን ራሷን ግን ባገላብጣት ባገላብጣት አንድ የወጣ ክር አላገኘሁባትም። ቅዳሴ የማትቀር፣ ጾም የማትገድፍ፣ ማኅበር የማታስታጉል፣ በቀበሌው በኩል ደግሞ የሴቶች አንድ ለአምስት ጠርናፊ ተብላ ጎረቤቱን የምትሰበስብ ሴት ነበረች። ሰፈሩ እትዬ አስካለ ይላታል።

ቤታችን አቃቂ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ ጥግ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ በጓሯችን ሲያልፍ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆው ይንጫጫል፣ ወሬ አይሰማም። አባቴ እያወራ ከሆነ መዳፉን ብድግ አድርጎ «ባቡሩ ይለፍ» ይላል። ሁላችንም ዝም እንላለን፤ ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። እያደር ቃሉ የቤታችን ቋንቋ ሆነ። ስናዝን፣ ስንናደድ፣ ልንመልሰው የማንፈልገውን ነገር ስንጠየቅ፣ መዳፋችንን ብድግ አድርገን «ባቡሩ ይለፍ» እንላለን። «አሁን አትጠይቁኝ፣ ሲሻለኝ ራሴ እነግራችኋለሁ» ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው አይጠየቅም፤ የቤቱ ሕግ ነበር። አባቴ ሞተ፣ ባቡሩም መሄድ አቆመ፣ ሐዲዱ ላይ ሣር በቀለበት። ቃሉ ግን እኛው ጋ ቀረ። ከእኛ ቤት ውጭ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ጽጌ የምትባል አንድ ታላቅ እህት ነበረችኝ። ክር ፋብሪካ ትሠራ ነበር። እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ሞተች፤ ታይፎይድ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ያልፈላ ውሃ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ፋብሪካም የፈላ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ስለምሄድ «ፈረንጇ» እያሉ ይቀልዱብኛል። እናቴ ውሃ ጥጄ ስታገኘኝ አንዳች ነገር ሳትናገር ዞር ብላ ትወጣለች። ላምባ አባከንሽ ብላ የምትናደድ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። አረገዝኩ። የልጁን ስም አልጠራም፤ ስነግረው «እስቲ ላስብበት» አለኝ፣ ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም። እስካሁንም እያሰበበት ይሆናል።

እናቴ ከቤት ታባርረኛለች ብዬ አልፈራሁም። የፈራሁት አንገቷን እንዳላስደፋት ነው። ጽጌን ቀብራ የቀረኋት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም እንዲህ ሆኜ ስገኝ ምን ይውጣታል እያልኩ ስጨነቅ ከረምኩ። መጨረሻ ላይ ለማንም ሳልናገር ልገላገለው ቆረጥኩ። ሄለን የምትባል ባልደረባዬ ቂሊንጦ የተከራየችው ክፍል ነበራት፤ እሷ ፈረቃ ስትገባ ቁልፉን ትሰጠኛለች፣ እኔ ብቻዬን እተኛለሁ፣ ያልፋል፣ በቃ። ሰፈራችን ጤና ጣቢያ እንዳልሄድ ካርድ ክፍል የምትሠራዋ ሴት የእናቴ ማኅበርተኛ ናት። ስለዚህ ሳሪስ ሄድኩ።

ክሊኒኩ ውስጥ የተቀበለችኝ ነርስ ሲስተር ሐያት ትባላለች። ረጋ ያለች፣ ጥቁር ሂጃብ የምታደርግ፣ ስትጠይቅ ዓይን ዓይን የምታይ ሴት ናት። ሕጉ የሚጠይቀውን ሁሉ ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። ምን ብዬ እንደመለስኩ የእኔና የእሷ ነው። ምርመራው ሲያልቅ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደሆነና በመድኃኒት ሊቋረጥ እንደሚችል ነገረችኝ። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ታብሌት አወጣች።

«አሁን ቪዲዮ ታያለሽ።»

«የምን ቪዲዮ? እርስዎ አይነግሩኝም እንዴ?»

«እነግርሻለሁ እንጂ። ግን ተቀምጬ ስነግራችሁ እሺ፣ እሺ፣ ትሉኛላችሁ፤ ከበሩ ስትወጡ አንዱም አብሯችሁ አይወጣም። ድንጋጤ ያስረሳል። ይኼ አይቸኩልም፣ አይቆጣም፣ ያልገባሽን መልሰሽ ታዪዋለሽ። ስትጨርሺ እጠይቅሻለሁ፤ ፈተና አለው።» ፈገግ አለች። ማዳመጫውን ሰጥታኝ መጋረጃውን ስባ ወጣች።

ቪዲዮው በሥዕል ይጀምራል። አንዲት የተሣለች ልጅ ክኒን በውሃ ስትውጥ ታሳያለች። የመጀመሪያው ክኒን እዚሁ ክሊኒክ እንደሚዋጥ፣ ሌሎቹ በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ቤት ውስጥ በጉንጭና በድድ መካከል ተይዘው እንደሚሟሙ አንዲት ድምፀ መልካም ሴት ታስረዳለች። ቁርጠት ይመጣል፣ ደም ይመጣል፣ አትደንግጪ፣ መድኃኒቱ እየሠራ ነው ትላለች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሞዴስ ጭምቅ እስኪል የሚያርስ ደም ሁለት ሰዓት ተከታትሎ ከፈሰሰ ግን፣ ወይም ራስሽን ካዞረሽ፣ ወይም ትኩሳት ከያዘሽ፣ ነገ ዛሬ ሳትዪ ወደ ሕክምና ሂጂ ትላለች። ቀጥላም «ብቻሽን አትሁኚ፤ የምታምኚው አንድ ሰው ይኑር» አለች።

የሄለንን ቁልፍ በቦርሳዬ ውስጥ ዳበስኩት። «ምን አገባሽ» አልኳት በሆዴ።

ከዚያ ሥዕሉ ጠፋና እውነተኛ ሰው መጣ። አንዲት ሴትዮ ጀርባዋን ለመስኮት ሰጥታ ተቀምጣለች። ፊቷ ጨለማ ነው፣ የሚታየው የነጠላዋ ዙሪያና የትከሻዋ ቅርጽ ብቻ። ድምፅዋንም ትንሽ ወፈር አድርገውታል። «ስሜንም ፊቴንም ደብቁልኝ ብዬ ነው የመጣሁት» ብላ ጀመረች። «እኔ ያየሁትን ሌላዋ እንዳታይ ነው።»

ልቤ እዚያ አልነበረም። ምስክርነት መሆኑ ነው ብዬ ሰዓቴን አየሁ። ሴትዮዋ ስለ ሕመም ታወራለች፤ ቁርጠቱ እየመጣ እየሄደ ያስጮኻል፣ ሰው ሲጠይቅ ግን ምንም የለም ይባላል ትላለች። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ንግግሯን አቆመች። ያ ጥቁር ጥላ ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ አነሣ። መዳፉን ብድግ አደረገው።

«ባቡሩ ይለፍ» አለች።

ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቅዬ ወረወርኩት። ታብሌቱ ከጭኔ ላይ ሊወድቅ ሲል በጉልበቴ ደገፍኩት። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የክትባት ሥዕል ነበር፣ እሱን እያየሁ «አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም» እል ነበር። እናቴ? የኔ እናት? እዚህ ክሊኒክ? ክኒን? መቼ? ከማን? አባቴ ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው! በአንድ ትንፋሽ ስንቱን አሰብኩት። ያንን ሁሉ ቅዳሴ፣ ያንን ሁሉ ስግደት አስታውሼ፣ እንዴት እንዲህ ታታልለኛለች ብዬ ንዴት አንገቴ ድረስ መጣ። ሴትዮዋ ሌላ ናት እንዳልል ያንን እጅ አውቀዋለሁ። ያንን ቃል በዚህች ምድር ላይ የቀረነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን የምንናገረው።

ሲስተር ሐያት መጋረጃውን ገለጠች። «ምነው? አመመሽ?»

«ይቺ ሴትዮ ማን ናት?»

ታብሌቱን አየች። «አላውቃትም። ቪዲዮውን የሠሩት ሌሎች ናቸው፣ እኛ ጋ የመጣው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ባውቅም አልነግርሽም።»

«ሲስተር፣ በፈጠረዎት!»

«ነገ ደግሞ አንዲቷ መጥታ ስላንቺ ብትጠይቀኝ እንድነግራት ትፈልጊያለሽ?» ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። ውሃ በብርጭቆ አመጣችልኝ። የፈላ መሆኑን እንኳ ሳልጠይቅ ጠጣሁት። «ማየት ካልፈለግሽ እናቁመው» አለችኝ።

«አይ፣ ልየው። ይተዉኝና ልየው።»

ወደኋላ መለስኩት። ይኼን ጊዜ ማዳመጫውን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ተጭኜ ነው የሰማሁት። እናቴ ከዚያ ጨለማ ውስጥ እንዲህ አለች፦

«የወሰድኩት እኔ አይደለሁም። ልጄ ናት። እሷ እንዲህ ያለ ቦታ አልመጣችም፤ ማን ምን እንደሰጣት እስከ ዛሬ አላውቅም። ቅዳሜ ቀን ነበር። ከሥራ ገብታ ከመጋረጃው ወዲያ ተኛች። እኔ ሽሮ እየነፋሁ ነበር። ስታቃስት ሰማኋትና ምን ሆንሽ ልጄ አልኳት። መጋረጃውን በትንሹ ገለጥ አድርጋ እጇን አሳየችኝ። ባቡሩ ይለፍ፣ እማ፣ አለችኝ። እኛ ቤት እንዲህ ከተባለ አይጠየቅም። እኔም አልጠየቅኋትም። ከሰው ተጣልታ ይሆናል፣ ሲሻላት ትነግረኛለች ብዬ ወንፊቴን ቀጠልኩ። ነፍቼ ስጨርስ ገባሁ። ፍራሹ ርሶ ነበር።»

ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ቀጠለች። «በመካከላችን መጋረጃ ብቻ ነበር። ደግሜ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። ልጆቼ፣ እናታችሁን ፈርታችሁ አትሙቱ። እናቶችም ሁለተኛ ጠይቁ።»

ቪዲዮው አለቀ። ታብሌቱ ጠቆረና የራሴ ፊት ታየኝ።

ስንት ዓመት ሙሉ ውሃ ሳፈላ ኖሬያለሁ። በታይፎይድ ለሞተች እህቴ! በዚያ ቅዳሜ እኔ ጎረቤት ተልኬ ነበር፤ ስመለስ ግቢያችን ሰው ሞልቶታል፣ ማንም ምንም አላለኝም፣ አንዲት ሴት ብቻ «ታይፎይድ እኮ ነው፣ ታይፎይድ» እያለች ራሴን ደባበሰችኝ። ይኸው ነው የማውቀው። እህቴ እንዴት እንደሞተች የነገረኝ ታብሌት ነው። ያውም እሷ የሸሸገችውን ነገር ይዤ፣ እሷ እንዳደረገችው ብቻዬን ልተኛ ቁልፍ በቦርሳዬ ይዤ!

ሲስተር ሐያት ተመልሳ መጣች። ልትጠይቀኝ የነበረውን ፈተና ተወችው። «ዛሬ መድኃኒት አልሰጥሽም» አለችኝ። «እንዲህ እየተንቀጠቀጥሽ አይሆንም። ጊዜ አለሽ። ሄደሽ አስቢበት፤ ሐሳብሽን ብትቀይሪም ያንቺ ነው፣ ባትቀይሪም ነይ። ብቻ ከአንድ ሰው ጋር ተነጋገሪ።»

ሳሪስ ላይ ሚኒባስ ያዝኩ። ወያላው «ቃሊቲ፣ አቃቂ» እያለ ሲጮኽ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ። ሂሳብ ሁለቴ ጠይቆኝ በሦስተኛው «እህት፣ ሰላም ነሽ?» አለኝ። አቃቂ ወርጄ ቤታችን በር ላይ ደርሼ መግባት አቃተኝ። ምን ልላት ነው? ብናገር ጽጌን ሁለተኛ ልገድልባት ነው። ዝም ብል ደግሞ ብቻዬን የምተኛባት የቂሊንጦዋ ክፍል አለች።

ገባሁ። እናቴ ግቢ ውስጥ አጎንብሳ ልብስ ታጥብ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና እጇ አረፋው ውስጥ ቆመ።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ምን መስሏል!»

እጄ በራሱ ተነሣ። ልማድ ነው፣ አልተቆጣጠርኩትም፤ መዳፌ ደረቴ ድረስ ደረሰ። ይኼኔ የእናቴን ዓይን አየሁት። እጄን ነበር የምታየው። ሰው እንደዚያ ሲፈራ አይቼ አላውቅም። ለስንት ዓመት እጄን ባነሣሁ ቁጥር እንዲህ ስትሆን ኖራ ይሆን? እጄን አወረድኩት።

«እማ፣ ዛሬ ሴትዮዋን አየኋት» አልኩ።

«የቷን ሴትዮ?»

«ፊቷን የደበቀችውን።»

ልብሱ ከእጇ ሳፋው ውስጥ ወደቀ። እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ ደግማ ጠረገችው። ቪዲዮውን ማወቄ ነው ያስደነገጣት ብዬ ነበር። እሷ ግን ከእኔ ቀድማ ሌላ ነገር ላይ ደርሳለች።

«የት አየሻት?» አለች በሹክሹክታ። «ያንን እኮ የሚያዩት እዚያ ክፍል የሚገቡት ልጆች ብቻ ናቸው።»

ቦርሳዬን ሆዴ ላይ አቅፌ ቆምኩ።

«ትዕግስት! አንቺም?»

«እኔም።»

ይዛኝ ወደ ቤት ገባች። ይዛኝ አልኩ እንጂ ጎተተችኝ ማለት ይቀላል፤ ክንዴ ላይ የጣቷ ምልክት ሰንብቷል። በሩን ዘግታ ከላይ እስከ ታች ዳበሰችኝ፤ ግንባሬን፣ ሆዴን፣ የቀሚሴን ጀርባ ሳይቀር። «ወሰድሽ? ምን ሰጡሽ? ማን ሰጠሽ? ደም አለ? ተናገሪ እንጂ!»

«ገና አልወሰድኩም፣ እማ። ምንም አልወሰድኩም።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም። አለቀሰች፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሁለታችንም ሲወጣልን ያቃጥለኝ የነበረውን ጠየቅኋት።

«ለምን ታይፎይድ አልሽኝ?»

«ያኔ እውነቱን ብናገር ቀብሯ ላይ ማን ይቆምላት ነበር? ስሟን ነው ያዳንኩት፣ ሌላ የማድነው አልነበረኝም።»

«ለእኔስ? ካደግኩ በኋላ?»

«አንቺማ ውሃ ታፈያለሽ» አለችኝ። «ድስቱን ጥደሽ ባየሁሽ ቁጥር ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ። ምን ብዬ ልጀምር? ለንስሐ አባቴ ነገርኩ። ከዚያ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ስብሰባ ላይ ስለ እንዲህ ያለ ነገር ስታስተምረን አልቻልኩም፣ ለብቻዋ ጠርቼ ነገርኳት። እሷ ናት ፊትሽ አይታይም ብላ ካሜራ ያሉት ሰዎች ጋ የወሰደችኝ። ለማያውቁኝ ልጆች ነበር የተናገርኩት። አንቺ ትሰሚኛለሽ ብዬ መች አሰብኩ!»

«ሰማሁሽ።»

«አዎ። ሰማሽኝ።» ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ ቆየች። በመጨረሻ ነጠላውን አውርዳ እንዲህ አለችኝ፦ «ኃጢአት ነው አልልሽም፣ አይደለምም አልልሽም፤ እሱን አንቺና ፈጣሪሽ ታውቃላችሁ። ብትወልጂውም አሳድግልሻለሁ፣ ሰፈሩ የፈለገውን ያውራ። እኔ የምልሽ አንድ ነገር ነው። አትሙቺብኝ።»

ሁለት ቀን ተነጋገርን። ያ ሁሉ ዓመት ያልተነጋገርነውን ነው። ሐሳቤ አልተቀየረም፤ የሄለንን ቁልፍ ግን መለስኩላት። ዓርብ ዕለት እናቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ሳሪስ ድረስ አብራኝ ሄደች። ሲስተር ሐያት ስታየን ተነሣችና «እናቷ ነዎት?» አለቻት።

«አዎ፣ እናቷ ነኝ» አለች እናቴ።

ሲስተር ሐያት ብዕሯ እጇ ላይ ቀረ። ቪዲዮው ላይ ወፈር ቢያደርጉትም ያንን አነጋገር ስንት ጊዜ ሰምታዋለች! እናቴን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ባለፈው ለምን እንደተንቀጠቀጥኩ ያኔ ነው የገባት። ከአፏ ግን ምንም አልወጣም። የራሷን ወንበር ሳብ አድርጋ «እማዬ፣ እዚህ ይቀመጡ» ብቻ አለች። ታብሌቱን ደግማ ሰጠችኝ፤ እናቴ «እኔ አላየውም፣ አልችልም» ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ፈተናውን ሁሉንም መለስኩ። የመጀመሪያውን ክኒን ዋጥኩ።

የቀሩትን የወሰድኩት እሑድ ጠዋት ነው። እናቴ ቅዳሴ ቀረች። ጎረቤት መጥታ «እትዬ አስካለ፣ አትሄጂም?» ብትላት «ልጄ ታማብኛለች» ብላ መለሰቻት፤ ውሸት አይደለም። በእኔ አልጋና በዋናው ክፍል መካከል ያለውን መጋረጃ፣ ያንኑ የድሮውን፣ ከነገመዱ ፈትታ ጣለችው።

ቁርጠቱ ሲጀምረኝ ትራሱን ነከስኩ።

«አትንከሺው» አለችኝ። «ዛሬ እዚህ ቤት ባቡር የለም። ሲያምሽ አመመኝ በዪ።»

«አመመኝ፣ እማ!»

«እሺ የኔ ዓለም። የቱ ጋ?»

ደሙ ሲመጣ የባሰባት እሷ ነበረች። ሞዴስ በቀየርኩ ቁጥር «አሳዪኝ» ትላለች። አፈርኩ፣ ተቆጣሁ፣ «እማ፣ እባክሽ!» አልኳት፤ «አሳዪኝ» አለች። አሳየኋት። ወደ ቀትር ገደማ ደሙ በረታ። እናቴ ከንፈሯ ነጭ ሆነ፣ ታክሲ ልጥራ ብላ እየሮጠች በር ላይ ደርሳ ተመለሰች፣ ጫማዋን ግራና ቀኙን አሳስታ አድርጋለች። በፈጣሪ ስም እላችኋለሁ፣ ከዚያ ሁሉ ሕመም ይልቅ እሷን ሳያት ነው የደነገጥኩት፤ ዓይኗ እኔን አያይም ነበር፣ ያንን ፍራሽ ነበር የሚያየው።

«እማ፣ ነይ ቁጭ በዪ» አልኳት። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ቪዲዮው ምን አለ መሰለሽ? በሰዓት ሁለት ሙሉ ከሆነና እንደዚያው ከቀጠለ ነው የምንሄደው። ይኼ አንድም አልሞላም። ራሴን አላዞረኝም። ግንባሬን ንኪኝ፣ ትኩሳት የለኝም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሁለቴ አይቼዋለሁ።»

አላመነችኝም፤ ስልክ አስደወለችኝ። ሲስተር ሐያት ሁሉንም ጠይቃ ስትጨርስ እናቴን አቅርቢልኝ አለችኝ። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «እሺ ልጄ፣ እሺ፣ እቆጥራለሁ፣ እሺ» ስትል ብቻ ነው የሰማሁት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆጠረች። ከሰዓት በኋላ ቁርጠቱ ቀነሰ፣ ደሙም ቀለለ። እሷ ግን እስኪመሽ ድረስ ከዚያ አልጋ አልተነሣችም።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ስጽፍ ከመካከላችሁ ጥሩ አላደረግሽም የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከእናቴ ጋርም በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ተስማምተን አናውቅም፤ አንዳንዴ በጾም ወራት ተቀምጣ ስታየኝ የምታስበውን አውቀዋለሁ፣ እሷም እንዳወቅሁ ታውቃለች። ላስማማችሁ አልጻፍኩትም። የጻፍኩት ስለ ጽጌ ነው። እኛ ቤት ማንም ክፉ አልነበረም። እናቴ ልጇን ያልጠየቀችው ንቃት አይደለም፣ አክብራት ነው። እህቴም ዝም ያለችው ጠልታት አይደለም። እንዲህ ተዋድደን፣ እንዲህ ተከባብረን፣ አንድ ሰው ከመጋረጃ ወዲያ ሞተብን። በእናንተም ቤት የራሳችሁ ቃል ይኖራል፤ «ተዪኝ»፣ «ምንም አይደል»፣ «ድካም ነው»። እኔ ከዚያ ወዲህ እነዚህን ስሰማ ሁለተኛ እጠይቃለሁ። ሰዎች ነገረኛ ይሉኛል። ይበሉኝ። ምላሴ መቀስ እንደሆነ ድሮም ይታወቃል።

ለመጨረሻው ምርመራ ክሊኒኩ ስንመለስ ሲስተር ሐያት ሁሉም ደህና ነው አለችን። ልንወጣ ተነሣን። እናቴ ግን ቆመች፤ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ወደ ትከሻዋ አወረደችው።

«ያንን ነገር ላየው እችላለሁ?»

ሲስተር ሐያት ታብሌቱን ሰጠቻት። ማዳመጫውን ለእናቴ እኔ ሰካሁላት። ከመጀመሪያው፣ ከተሣለችው ልጅ ጀምራ አየችው። የራሷ ጥላ ሲመጣ ጣቷን መስታወቱ ላይ አድርጋ ትከሻውን ነካችው። ሲያልቅ ማዳመጫውን አውልቃ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ልጄ፣ ይኼን የሠሩትን ሰዎች ታገኛቸዋለሽ?»

«በኃላፊዎቼ በኩል መልእክት ይደርሳቸዋል፣ እማዬ። ምን ልበላቸው?»

«የሞተችብኝን ልጅ ብቻ ተናግሬ ነው ያቆምኩት። ሌላ እንዳለችኝ አልተናገርኩም» አለች እናቴ። «ጨምሩበት። ሁለተኛዋ ነገረችኝ፤ አለችልኝ በሉበት።»